«ይቀጥላል» ብሎ የቀረው ድራማ፦ የሚነግረን ማን ነው?

የፋሲሎዋ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

እናቴ ማክሰኞ ማክሰኞ የምትከታተለው አንድ የአገር ውስጥ ድራማ ነበር። በስም አልጠራውም፤ ጣቢያውንም እንደዚያው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ልጅቷ የሟች አባቷን ሳጥን ትከፍታለች። ከልብሶቹ ሥር አንድ ደብዳቤ ታገኛለች። ፖስታውን ቀድዳ ወረቀቱን ትዘረጋለች። ዓይኗ ከመስመር መስመር ይሮጣል። እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሙዚቃው ከፍ አለ። ከታች «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ማስታወቂያ ገባ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በዚያው ሰዓት የምግብ ዝግጅት ቀረበ። ከዚያ ቀጥሎ ባለውም። ይኸው ዘጠነኛ ሳምንታችን ነው። ወጥቶ «ድራማው አልቋል» ወይም «ለጊዜው ተቋርጧል» ያለ አንድም ሰው የለም።

እናቴ ማክሰኞ ማታ ቡና የምታፈላው ለዚህ ድራማ ነበር። ሁለት ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፤ አንዷ እንዲያውም ከገበያ በቀጥታ ነው የምትመጣው። አሁንም መምጣታቸውን አልተዉም። ረከቦቱ ይቀርባል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ የሚጠበቀው ግን አይመጣም። ትናንት እናቴ እንዲህ አለችኝ፦ «ቆመ ካሉኝ ይቁም፣ አልቀየምም። ደብዳቤው ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ብቻ ይንገሩኝ።»

እናንተስ እንዲህ መሀል መንገድ ላይ የቀረባችሁ ድራማ አለ? ደግሞ ለምንድን ነው የሚቆሙት? የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።

ባለፍላሽ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:05

እናትሽን አይዞሽ በይልኝ።

እኔ ፊልምና ተከታታይ የምጭን ሰው ነኝ። ሱቄ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ነው። ድሮ ደንበኛ ሲገባ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ነበር የሚለኝ። አሁን ፍላሹን ከኪሱ ሳያወጣ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፦ «ያለቀ ነው?» መልሴ «ገና ነው» ከሆነ ብዙዎቹ ይተዉታል። ሰው ተጎድቷል። ወዶት ሲያበቃ የሚቀርበትን ነገር መጀመር አይፈልግም።

ስለዚህ ደብተር ይዣለሁ። ገጹን በሦስት ከፍዬዋለሁ፦ ያለቀ፣ የሚቀጥል፣ የተሰረዘ። አዲስ ምዕራፍ መፈቀዱን ስሰማ ስሙን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛውራለሁ። የውጭዎቹን መሙላት አይከብድም፤ ጣቢያዎቹ ራሳቸው ያስታውቃሉ። የኮሪያዎቹማ ጭራሽ አያስቸግሩም። ብዙዎቹ 16 ክፍል አካባቢ ሆነው በአንድ ምዕራፍ ያልቃሉ። ተማሪው ለፈተና እረፍት የሚወስደው እነሱን ነው።

የእኛዎቹ ናቸው ያስቸገሩኝ። ለእነሱ ሲባል አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ፦ «አይታወቅም»። አሁን ከሁሉም የረዘመው እሱ ነው።

ፔዳ የነበርኩ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:31

የባለፍላሽን ጽሑፍ ሳነብ አንድ የቆየ ጥፋታችን ትዝ አለኝ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ተማሪ ሳለን «ፕሪዝን ብሬክ» ያላየ አልነበረም። በአንድ ላፕቶፕ ስምንት ሰው። የታችኛው አልጋ ላይ ሦስት፣ የላይኛው ላይ ተጋድመው ሁለት፣ ሌላው መሬት። የመጀመሪያው ምዕራፍ 22 ክፍል ነው። ሁለተኛውም 22። ሦስተኛውን በዲቪዲ ከከተማ ተከራይተን መጣን። 13ኛው ላይ አለቀ።

«ሰውዬው ዘጠኙን ክፍል ቆርጦብናል» ተባለ። አራት ሆነን ሱቁ ድረስ ሄድን። ሰውዬው «ወንድሞቼ፣ የመጣልኝ ይኸው ነው» ብሎ ማለ። አላመንነውም። ከዚያ በኋላ ከእሱ ተከራይተን አናውቅም፤ ለሌላውም «ይቆርጣል» እያልን አወራንበት።

እውነቱን ያወቅኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2007 የአሜሪካ የቴሌቪዥንና የፊልም ጸሐፊዎች ሥራ አቁመው ነበር። አድማው 100 ቀን ቆየ። ጸሐፊ ከሌለ ቀረጻ የለም። ስለዚህ ምዕራፉ 13 ላይ ቆመ። የቆረጠው ሰውዬው አልነበረም።

አራተኛው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያበቃ ድራማው አበቃ ተባለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ዘጠኝ ክፍል ይዞ ተመልሶ መጣ። የተመለሰ ዕለት መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ሰው ነው። ሱቁ ዛሬ የለም። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

የፋሲሎዋ፣ ያልሽው ነገር እኮ ይኼ ነው። ምክንያቱን የሚነግረን ሲጠፋ ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ ሰው እንፈልጋለን።

ዲሽ አስተካካይ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

እኔም በዚህ ተወቅሻለሁ።

ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የሄዱ ጊዜ ስልኬ አያርፍም ነበር። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፣ ኢትዮሳት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ባሕር ዳር ላይ ቆመህ ስታየው ሳህኑ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረውን ሙሉ በሙሉ ወደ ምሥራቅ መመለስ አለብህ። ብዙ ሰው ይህን አላወቀም። አንድ ቀን ስክሪኑ «ሲግናል የለም» አለው፤ በቃ፣ ድራማዬ ተሰረዘ ብሎ ደመደመ።

ወደ ሽንብጥ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ያዩት የነበረው ድራማ ቆሟል ብለው ትተውታል። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሳህኑን አዞርኩ። ልጃቸው ከታች «መጣ! መጣ!» አለ። ወርጄ ስገባ ድራማው ራሱ እየተላለፈ ነው። እሳቸው ቆመው ስክሪኑን ያዩታል። «ይቺ ልጅ አረገዘች እንዴ? መቼ?» አሉ። ስምንት ክፍል አምልጧቸዋል።

ስለዚህ ቆመ ከማለታችን በፊት ሳህናችንን እንይ። የፋሲሎዋ፣ የእናንተ ጣቢያ ሌላውን ዝግጅት እያሳየ ከሆነ ግን ችግሩ ከሳህኑ አይደለም።

የማታ ተረኛ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:50

ከአዳር ገብቼ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለበት ታገሡኝ። ሐኪም ቤት ነው የምሠራው።

እኔ ወደ ቱርኮቹ ያዞረኝ ይኸው ጉዳይ ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተተረጎሙትን ይዞ ሲመጣ ብዙ ክርክር ነበር። ባህላችን፣ ተዋናዮቻችን፣ የአገር ሥራ ተገፋ፣ ብዙ ተባለ። ክርክሩ ውስጥ እውነት አለ፤ አልክድም። የእኔ ምክንያት ግን ቀላል ነው። የተተረጎመው ድራማ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው። መጨረሻ እንዳለው አውቄ ነው የምቀመጠው።

ቱርክ ውስጥ ራሱ ግን ነገሩ ጨካኝ ነው። አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ይተላለፋል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል። ለእኛ ሲደርስ እየተቆራረጠ ነው። የተመልካቹ ቁጥር ከወረደ ድራማው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል። አንዳንዴ መጨረሻው ሲጣደፍባችሁ፣ ጠላቱ ባንዴ ሲታረቅ፣ ሠርጉ በአንድ ክፍል ሲያልቅ አይታችሁ ይሆናል። እዚያ ቁጥሩ ወርዶበት ይሆናል። ነገር ግን «ፊናል» ብለው አስታውቀው፣ የመጨረሻ ክፍል ሠርተው፣ ተሰናብተው ነው የሚወጡት። እኔ የምወደው ይህን ነው። የተጣደፈም ቢሆን መሰነባበቻ አለው።

ሞጋቹ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6:20

ከሁላችሁም ትንሽ ልለይ።

መቆም ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። የእኛ አገር ችግር ያለ ጊዜው መቆም ብቻ አይደለም፤ ማለቅ አለመቻልም ነው። ታሪኩ ካለቀ ዓመት አልፎት እየተጎተተ የሚሄድ ድራማ አለ። ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያለፈውን ክፍል ይተርካሉ። አንዱ ቡና ይጠጣል። በር ይንኳኳል፣ ማን እንደሆነ ሳናውቅ «ይቀጥላል»። ይህን ሰርዞ አዲስ ለሚጽፍ ወጣት ሰዓቱን መስጠት ጽድቅ ነው።

«ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲተላለፍ አስታውሳለሁ። እኔ ያኔ ግሽ ዓባይ አካባቢ ነበርኩ። በሰዓቱ መንገዱ ጭር ይል ነበር። ያንን ያደረገው ርዝመቱ አይደለም፤ በየክፍሉ አንድ ነገር መከሰቱ ነው።

የፋሲሎዋ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7:02

ሞጋቹ፣ እስማማለሁ። ይሰረዝ። ግን «ተሰርዟል» ይበሉ። እኔ የጠየቅኩት ዕድሜ ማራዘሚያ አይደለም።

ከካሜራ ጀርባ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ድራማ ላይ እሠራለሁ፤ የቀረጻ ዕቃና አልባሳት ክፍል ነው የነበርኩት። አሁን ለሥራ ባሕር ዳር ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ብዙውን የአገር ውስጥ ድራማ የሚሠራው ጣቢያው አይደለም፤ ፕሮዲውሰሩ ነው። ፕሮዲውሰሩ ከጣቢያው ጋር ይዋዋላል፣ ስፖንሰር ይፈልጋል፣ ከስፖንሰሩ በሚያገኘው ይቀርጻል። ስፖንሰሩ ከወጣ ድራማው እግሩ ተቆረጠ ማለት ነው። ስክሪፕቱ ያማረ ነው፣ ተዋናዩ ጎበዝ ነው፣ ሕዝቡ ወዶታል፤ ይህ ሁሉ የጀነሬተር ነዳጅ አይገዛም።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። የአልኮል መጠጥ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ለጤና ሲባል የወጣ ነው፤ እኔም ልጆች አሉኝ፣ አልቃወመውም። ግን ከዚያ በፊት የትልልቅ ዝግጅቶች ስፖንሰር ማን እንደነበር አስታውሱ። ቢራ ነበር። ያ ገንዘብ ባንዴ ወጣ። ቦታውን ባንክ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የቤት ሽያጭ ለመሙላት ሞከሩ። ሁሉንም አልሞሉትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሥራ ባልደረባውን «አሁን የት ነህ?» ሲል ቆየ።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ትናንት ማታ ስንት ሰው እንዳየ በማግስቱ ይታወቃል። ኒልሰን የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የቴሌቪዥን ተመልካች ይቆጥራል። በዚያ ቁጥር ነው ማስታወቂያው የሚሸጠው፣ ድራማውም የሚታደሰው ወይም የሚሰረዘው። ቁጥሩ ይጨክናል፤ ቢያንስ ግን ምክንያት ነው። እኛ ጋ እንዲህ በየቀኑ ለሁሉም የሚወጣ ቁጥር የለም። ስለዚህ ስፖንሰሩ በምን ይወስናል? በዩቲዩብ ዕይታ፣ በኮሜንት፣ በወሬ፣ አንዳንዴ በባለቤቱ ምርጫ። የፋሲሎዋ፣ እናትሽና ሁለቱ ጎረቤቶችሽ ያን ድራማ በየሳምንቱ አይተዋል። በየትኛውም ቁጥር ውስጥ ግን አልገቡም። ዩቲዩብ ላይ አይደሉማ። ይኼ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ሦስተኛው ሰው ነው። ዋና ተዋናይ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ይታመማል፣ በክፍያ አይስማማም። ክረምቱም አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ውጪ መቅረጽ በዕድል ነው። አንዴ የአንድ ሰዓት ትዕይንት ለመጨረስ ዝናቡ እስኪያባራ አምስት ቀን ጠብቀናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፤ ለምን አይነግሩንም ብለሻል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ብዙ ጊዜ ራሳችንም አናውቅም። ፕሮዲውሰሩ «ሁለት ሳምንት ታገሡኝ፣ አንድ ስፖንሰር ይዤያለሁ» ይላል። ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ይሆናል። «ተሰርዟል» ብሎ ካወጀ ያሰበው ስፖንሰር ይሸሻል፣ ተዋናዮቹ ሌላ ሥራ ይይዛሉ። ዝም ካለ ተስፋ አለ። ዝምታው ንቀት ይመስላል፤ አውቃለሁ። እኛ ውስጥ ሆነን ስናየው ግን አብዛኛው ተስፋ ነው።

የማታ ተረኛ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

እኛም ሥራ ላይ ይህ ያጋጥመናል። ውጤት ሳይታወቅ አስታማሚ ኮሪደር ላይ ይቆማል። «እስካሁን አልታወቀም፣ ማታ እንነግራችኋለን» ብትለው ቁጭ ይላል፣ ውሃ ይጠጣል። ዝም ስትለው ነው የሚጮኸው። «እየሞከርን ነው» ማለትም እኮ መልስ ነው።

ከካሜራ ጀርባ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

ልክ ነሽ። መልስ የለኝም።

ዘጌ ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ከካሜራ ጀርባ፣ ስለ ቀረጻ ስታወራ እኔም የማውቃት አለችኝ።

ጀልባ ነው የምነዳው። አንድ ጊዜ የድራማ ሰዎች ወደ ዘጌ አድርሰን አሉ። አንዲት ትዕይንት ብቻ ናት፦ ልጅቷ ጀልባ ላይ ሆና ወደ ባሕር ዳር ዞራ ታያለች፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። በጠዋት ወጣን። ጣና ጠዋት ላይ እንደ መስታወት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባውን ይንጠዋል፣ ያኔ ካሜራ መያዝ አይቻልም።

ጀመሩ። ድምፅ የሚቀርጸው ልጅ እጁን አነሳ። ሞተሩ ይረብሻል። ሞተሩን አጠፋሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ጀልባው ዝም ብሎ ዞረ፤ ከኋላዋ መታየት የነበረበት ከተማው ነው፣ አሁን ጫካው ሆነ። መልሼ አስነስቼ አዞርኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ዞረ። አምስት ጊዜ። በመጨረሻ አንድ ባለ ታንኳ አዛውንት ሲያልፉ ጠራኋቸው። «አባቴ፣ እባክዎ ይያዙልን» አልኳቸው። ታንኳቸውን ጎን አስጠግተው ጀልባዬን በአንድ እጃቸው ያዙ፣ በሌላው መቅዘፊያቸውን ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርገው አቆሙ። ጀልባው ጸጥ አለ። ልጅቷ ተናገረች። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ነበር። «ተቀርጿል!» ሲባል አጨበጨብን።

ያ ክፍል ግን እስከ ዛሬ አልተላለፈም። ድራማው ከዚያ በፊት ቆመ። አዛውንቱ ባገኙኝ ቁጥር «ያቺ ነገር መቼ ነው የምትታየው?» ይሉኛል። እጃቸው ብቻ ነው እዚያ ውስጥ የሚታየው፤ እሱንም ማየት ይፈልጋሉ።

ቀበሌ 16 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ይህን አንብቤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እኛ ከተማ ውስጥ ስለ መቋረጥ ስናወራ 2016 ዓ.ም.ን መዝለል አይቻልም። አብዛኛውን ዓመት ሞባይል ኢንተርኔት አልነበረንም። የምንከታተላቸው ተከታታዮች ታደሱ፣ ተሰረዙ፣ አዲስ ምዕራፍ ወጣላቸው፤ እኛ አልሰማንም። የሌላ ከተማ ሰው መጨረሻውን እንዳይነግሩት ይሸሻል። እኛን ግን የሚነግረን ራሱ ጠፋ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ፍላሽ ይዞ ከመጣ ቤቱ ሰው ይሞላ ነበር። ወንድሜ አንድ ምዕራፍ ይዞ የመጣ ዕለት ከጎረቤት ብቻ ስድስት ልጅ መጣ። ማታ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ለመጨረስ የመግቢያውን ሙዚቃ እየዘለልን ነው ያየነው።

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጀመሪያ አንስቶ ለኢትዮጵያም ክፍት ነው ይባላል። ክፍት ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ግን ስንቱ ነው? የእኛም ዕይታ ልክ እንደ የፋሲሎዋ እናት በማንም ቁጥር ውስጥ የለም። የምንወደው ድራማ ሲሰረዝ ድምፅ እንኳ አልሰጠንም።

መዝገብ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:30

ተመልካች ድምፁን ያሰማባቸው ሁለት ታሪኮች አሉ። ስለምወዳቸው ልጻፋቸው።

አንደኛው «ስታር ትሬክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ኤንቢሲ ይተላለፍ ነበር። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ሊሰረዝ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ተመልካቾች ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ፤ ፖስታ ቤቱ እስኪጨናነቅ። በመጋቢት 1968 ጣቢያው ራሱ አንዱ ክፍል እንዳለቀ በአየር ላይ ድራማው እንደሚቀጥል አስታወቀ። ተመልካቹን ያናገረው እዚያው ስክሪኑ ላይ ነው። በዓመቱ፣ በ1969፣ በ79 ክፍል ቆመ። ግን 79 ክፍል ስለነበረው ሌሎች ጣቢያዎች እየደጋገሙ ሊያሳዩት ቻሉ። ዝናውን ያገኘው ከተሰረዘ በኋላ ነው።

ሁለተኛው «ጄሪኮ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ሰረዘው። በመጨረሻው ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ እጅህን ስጥ ሲባል በአንድ ቃል «አልሰጥም» ዓይነት መልስ ይመልሳል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ «ለውዝ» ማለትም ነው። ተመልካቾቹ ይህን ይዘው ወደ ጣቢያው ለውዝ መላክ ጀመሩ። በጆንያ፣ በካርቶን። ወደ 20 ቶን ደረሰ፤ በእኛ ሲቆጠር 200 ኩንታል ለውዝ ማለት ነው። ጣቢያው ሰባት ተጨማሪ ክፍል ፈቀደ። በኋላ እንደገና ቢሰረዝም ታሪኩ መጨረሻ አገኘ።

እኛ ለውዝ እንላክ አልልም። ግን የፋሲሎዋ እናት የጠየቁት ከሁለቱም ያነሰ ነው። ሰባት ክፍልም አልጠየቁም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጋሼ ጊዮርጊስ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:45

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ አልጽፍም። በዕድሜዬ አንድ ጣቢያ ብቻ የነበረበትን ዘመን አይቻለሁ። ያኔ አስተዋዋቂዋ ትቀመጥና የምሽቱን ዝግጅት በየተራ ትነግረን ነበር። የተቀየረ ነገር ካለ «ይቅርታ እንጠይቃለን» ትላለች። ሥርዓት ነበር። አሁን ጣቢያው በዝቶ ያቺ ሰው ጠፋች። ስክሪኑ ሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ለምን ይህን አይሠራም? ለዋጋና ለስልክ ቁጥር ይሮጥ የለ?

ፔዳ የነበርኩ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እሱን እንዴት ሳናስበው ቀረን!

ከካሜራ ጀርባ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:20

ጋሼ ያሉት የሚሠራ ነገር ነው። ያን መስመር ለማስኬድ ስፖንሰር አያስፈልግም።

ሌላው መፍትሔ በምዕራፍ መሥራት ነው። «እረኛዬ» በአርትስ ቲቪ ሲተላለፍ በምዕራፍ ተከፍሎ ነው የመጣው። ምዕራፍ ሲያልቅ ተመልካቹ አለቀ ይላል፤ ሲመለስ ምዕራፍ ሁለት ይላል። በመሀል ያለው ጊዜ ዕረፍት ነው፣ መጥፋት አይደለም። ለእኛ ለሠራተኞቹም ይሻላል። ስክሪፕቱ ቀድሞ ይጻፋል፣ ዝናቡ ቀድሞ ይታሰባል፣ ገንዘቡ በቂ መሆኑ ቀድሞ ይታወቃል። በየሳምንቱ እየጻፉ፣ በየሳምንቱ እየቀረጹ ስፖንሰር መጠበቅ ሰውን ያቃጥላል። ይህ አሠራር ቢለመድ «አይታወቅም» የሚለው የባለፍላሽ ዓምድ ባዶ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእናትሽ። የእናንተን ድራማ አልሠራሁበትም፤ ስለዚያ ምንም አላውቅም። ግን አልባሳትና ዕቃ ላይ ስሠራ ደብዳቤ ሲኖር ባዶ ወረቀት አንሰጥም። ከደራሲው ተቀብለን ሙሉውን በእጅ እንጽፈዋለን። ምክንያቱም የተዋናይቱ ዓይን ከመስመር መስመር መሄድ አለበት፤ ባዶ ወረቀት ላይ ዓይን ዝም ብሎ ይንከራተታል፣ ካሜራው ደግሞ ይይዘዋል። አንቺ ከላይ «ዓይኗ ከመስመር መስመር ይሮጣል» ብለሽ ጽፈሻል። እንደዚያ ካየሽው ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር ነበረ ብዬ እገምታለሁ።

ባለፍላሽ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:05

ይህን ለደንበኞቼ ሁሉ ነው የምነግረው።

ዘጌ ማዶ፣ ለአዛውንቱ አንድ ነገር ይደረግ። የዚያን ድራማ ፕሮዲውሰር ስልክ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ያቺን ትዕይንት ብቻ በስልካቸው ይላኩላቸው። ለማንም አናሳይም። እኔ ራሴ ባሕሩ ዳር ወርጄ በትልቅ ስክሪን አሳያቸዋለሁ።

ከካሜራ ጀርባ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:30

ዘጌ ማዶ፣ የድራማውን ስም በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የምጠይቀው ሰው አለ። ቃል አልገባም፣ ግን ዛሬውኑ እደውላለሁ።

የፋሲሎዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጣቢያው ዛሬ ጽፌያለሁ። አጭር ናት፦ «አልቋል፣ ተቋርጧል፣ ወይም እየሞከርን ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ስክሪን ሥር ጻፉልን።» የምትፈልጉ ቃሉን ወስዳችሁ ለየራሳችሁ ጣቢያ ላኩት።

ከካሜራ ጀርባ የጻፍከውን ለእናቴ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «እንግዲያ ተጽፏል» አለች። ከዚያ ጎረቤቷን ጠርታ ነገረቻት፦ «ደብዳቤው ተጽፏል አሉ፣ ባዶ ወረቀት አይደለም።»

ቡናው እየተቆላ ነው። ልሂድ።

ቀበሌ 16 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ባለፍላሽ፣ «ያለቀ» ከሚለው ዓምድህ ለእናቶች የሚሆን ነገር ካለህ ነገ ፍላሽ ይዤ ልመጣ ነው። ለፋሲሎዋ ቤት ነው። ለሚቀጥለው ማክሰኞ።

ባለፍላሽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:34

አለ። 32 ጊጋ ያዝ፣ ብዙ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍት ነኝ።